ደጅ ማንኳኳትና ደጅ መድፈር

የሰው ልጅ ቤት የሠራው ከዝናብና ከብርድ ለመጠለል ብቻ አይደለም። ከሌላው ዓይንና ጆሮ ርቆ ከቤተሰቡ ጋር በሰላም ለመኖር ጭምር ነው። ይሁን እንጂ ቤት ከኅብረተሰቡ ተነጥሎ አይቆምም። ጎረቤት እሳት ሊጭር ይመጣል፤ መልእክተኛ ደብዳቤ ያደርሳል፤ መንገደኛ ውሃ ይለምናል። ስለሆነም ሳይጠሩ ወደ ሰው ደጅ መቅረብ በራሱ ነውርም ወንጀልም አይሆንም። መታወቅ ያለበት መቅረቡ ወደ መድፈር የሚለወጠው የት ላይ እንደሆነ ነው።

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ወደ ሰው ቤት የሄደ ሰው «ሆዲ!» ብሎ ይጣራል፤ «ካሪቡ» ሲባል ይገባል። በእኛም ዘንድ «ቤቶች!» ብሎ «ይግቡ» እስኪባል ደጅ ላይ መቆም የቆየ ሥርዓት ነው። ቋንቋው ቢለያይም ትምህርቱ አንድ ነው፤ መጣራት የእንግዳው፣ መፍቀድ የባለቤቱ ድርሻ ነው።

ሕጉም ከዚህ ልማድ አልራቀም። በኬንያ ሕጎች ምዕራፍ 294 ሥር የሚገኘው ሕግ፣ ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ባለይዞታው ፈቃድ ወደ ግል ይዞታ የገባውን ብቻ ሳይሆን በዚያ የቆየውንም ጥፋተኛ ያደርጋል። ለኬንያ ሕግ ምንጭ ከሆኑት አንዱ በሆነው በእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በተሰጠ ፍርድ፣ ሕጋዊ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ከውጭ በር እስከ ቤቱ በር ሄዶ ለማንኳኳት ያልተነገረ ፈቃድ እንዳለው ተረጋግጧል። ሂድ ከተባለ ግን ፈቃዱ ያበቃል፤ ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ቢቆይ ደፋሪ ነው። በዚያ ጉዳይ ደጅ ያንኳኩት ፖሊሶች እንደነበሩ ልብ ይሏል።

እንግዲህ ወሰኑ ግልጽ ነው። በቀናው መንገድ መጥቶ አንኳኩቶ መልስ የሚጠብቅ እንግዳ ነው። ከመንገዱ ወጥቶ ጓሮ የሚዞር፣ በመስኮት የሚያጮልቅ፣ ወይም ሂድ እየተባለ የሚገተር ግን ወሰኑን አልፏል።

ነገሩ የሚከብደው የሚያንኳኳው የታጠቀ ሲሆን ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጸድቅ በአንቀጽ 31 ማንም ሰው ቤቱ እንዳይፈተሽበት መብት ሰጥቷል። ሆኖም ብዙ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌያውያን ስደተኞች በሚኖሩበት በኢስትሊ ሠፈር፣ ከኅዳር 2012 አጋማሽ እስከ ጥር 2013 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ፖሊሶች ሰው ቤት እየገቡ እንደደበደቡ፣ ስደተኞቹን አሸባሪ እያሉ ለመልቀቅ ገንዘብ እንደጠየቁ የሰብዓዊ መብት ተመልካቾች መዝግበዋል። በሚያዝያ 2014 በተካሄደው ዘመቻም ብዙ ሺህ ሰዎች ተይዘው ከፊሎቹ በካሳራኒ ስታዲየም ታጉረዋል።

መንግሥት የሚሰጋበት ምክንያት አልነበረውም አንልም። በመስከረም 2013 በዌስትጌት የገበያ ማዕከል 67 ሰዎች ተገድለው ነበር። ዳሩ ግን ሕጉ ለጥበቃው መንገድ አላጣም፤ ፍርድ ቤት የፍተሻ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ለአጣዳፊ ጉዳይም ልዩ ድንጋጌ አለ። ይህን ትቶ በር የሚሰብር ጠባቂ የሚያተርፈው ፍርሃትን ነው። በፖሊስ የተዘረፈ ቤተሰብ ነገ ወንጀለኛ ቢያይ ለማን ይናገራል?

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13፣ ከሕግ ውጭ የሰው መኖሪያ ቤት አይደፈርም ብሏል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም፣ ፍርድ ቤት በተለይ ካላዘዘ በስተቀር፣ ፍተሻ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ እንዲካሄድ ደንግጓል።

ስለዚህ የከተማው ነዋሪ ለሕጋዊ ትእዛዝ በሩን ሊከፍት፣ ትእዛዙንም አሳዩኝ ሊል ይገባዋል። ወታደሩና ፖሊሱም ማንነቱን ተናግሮ፣ ትእዛዙን አሳይቶ፣ የወሰደውን ዕቃ መዝግቦ ሊወጣ ይገባዋል። የደንብ ልብስ ሥልጣን መኖሩን ያመለክታል እንጂ የሰው ቤት ቁልፍ አይደለም። ወታደሩም ግዳጅ ላይ ሲሆን ትቶት የሄደው ቤት አለው፤ የእርሱ ደጅ እንዲከበር የሚሻውን ያህል የሌላውንም ያክብር።