የቁንዶ በርበሬ ኃይል በድስትና በእንክብል



በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሣው ከማንኛችንም ጓዳ ስለማይጠፋው ስለ ቁንዶ በርበሬ ነው። ለአልጫና ለመከለሻ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለባለሙያ እመቤቶቻችን ብንዘረዝር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብናል። ስለዚህ የምንነጋገረው ከዚሁ ፍሬ ተጣርቶ በእንክብል ስለሚሸጠው፣ ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ በዘመድ እጅ እየተላከ ወደ ቤታችን ስለሚገባው ነገር ነው። ጠርሙሱ በፍቅር ይላካል፤ በፍቅርም ይዋጣል። በቤቱ ውስጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ግን ጉዳዩ ከፍቅር ሌላ ጥንቃቄን ይጠይቃል።

ቁንዶ በርበሬ የትውልድ አገሩ የሕንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ የማላባር ምድር ነው። በአገራችንም በደቡብ ምዕራብ፣ በቴፒና በአካባቢው ይለማል። በሐረግ ላይ የሚያፈራው ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ በፀሐይ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ ይጨማደዳል። ምላስን የሚለበልበው ፒፐሪን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ከደረቁ ፍሬ ክብደት ከመቶ 5 እስከ 9 እጅ ያህል ይሆናል። ይህንን ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1819 ለይቶ ያወጣው ዴንማርካዊው ሊቅ ሃንስ ክሪስቲያን ኧርስትድ ነው። ይኸው ሊቅ በዓመቱ የኤሌክትሪክ ኃይል የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ በማሳየቱ ስሙ በዓለም ታወቀ።

ፒፐሪን በራሱ ምን ይፈውሳል? ለምግብ መፈጨት፣ ለቁርጥማት፣ ለስኳር በሽታና ለውፍረት ይበጃል እየተባለ ይነገርለታል። ይህ አባባል በአብዛኛው የተመሠረተው በብልቃጥና በአይጦች ላይ በተደረጉ ምርምሮች ነው፤ በሰው ላይ የተገኘው ማስረጃ ጥቂት ነው። በሰው ላይ በሚገባ የታየው ጠባዩ ሌላውን ነገር ወደ ደም የማሳለፍ ችሎታው ነው።

ይህንን ለወታደር ማስረዳት አይከብድም። የአንጀታችን ግድግዳና ጉበታችን እንደ በር ዘበኛ ናቸው። ወደ ሰውነት የሚገባውን ባዕድ ነገር እየፈተሹ ከፊሉን ይመልሳሉ፤ ከፊሉንም ሰባብረው ያስወግዳሉ። ፒፐሪን ሲደርስ ዘበኛው ለጊዜው ይዘናጋል፤ ሳይፈተሽ የሚያልፈውም ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1998 በሕንድ አገር በባንጋሎር የነበሩ ተመራማሪዎች 2 ግራም ኩርኩሚን፣ ማለትም የእርድን ቢጫ ንጥረ ነገር፣ ከ20 ሚሊግራም ፒፐሪን ጋር ለጥቂት ጤነኛ ሰዎች ሰጥተው ነበር። ወደ ደም የገባው ኩርኩሚን በ20 እጥፍ ያህል መጨመሩንም አስታወቁ። በብዙ የእርድ እንክብሎች ውስጥ ቁንዶ በርበሬ የሚጨመረው ስለዚህ ነው። ሐኪሞችም በዚሁ ጠባይ ተጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በሕንድ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ወደ 200 ሚሊግራም ዝቅ ተደርጎ 10 ሚሊግራም ፒፐሪን የታከለበት መድኃኒት ቀርቧል። ይህ ግን በሐኪም ትእዛዝ፣ በልክ የሚሰጥ ነው።

የተዘናጋ ዘበኛ ወዳጅንና ጠላትን አይለይም። አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ለሚጥል በሽታ የሚወሰደው ፌኒቶይን፣ ለደም ግፊት የሚወሰደው ፕሮፕራኖሎል፣ ለአስም የሚወሰደው ቴኦፊሊን ከፒፐሪን ጋር ሲገናኙ በደም ውስጥ መጠናቸው ከፍ እንደሚል ታይቷል። የሚዋጠው ክኒን ቁጥር ሳይጨምር በሽተኛው ከታዘዘለት በላይ እንደ ወሰደ ይሆናል። ፌኒቶይን ሲበዛ ያዞራል፣ ያንገዳግዳል፣ ዓይንንም ያደበዝዛል። ሚስት ባሏ ደከመ ትላለች፤ ሐኪሙም ስለ ጠርሙሱ ካልተነገረው ምክንያቱን ለማግኘት ይቸገራል። በኢጣሊያም እ.ኤ.አ. በ2019 የእርድ እንክብል የወሰዱ ሰዎች በጉበት ሕመም መያዛቸውን የጤና ባለሥልጣናቱ አስታውቀው ሕዝቡን አስጠንቅቀዋል።

አሁን ወደ ድስታችን እንመለስ። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ 2 ግራም ያህል ይመዝናል። ከመቶ 5 እጁ ፒፐሪን ነው ብንል 100 ሚሊግራም ይሆናል። አንዱ እንክብል አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከ5 እስከ 20 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ እርድ ባለበት፣ ለአምስት ሰው በተሠራ አልጫ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቢነሰነስ ለእያንዳንዱ 10 ሚሊግራም ይደርሰዋል። የእርዱ ንጥረ ነገር የሚሟሟው በቅባት ስለሆነ ቅቤው ወይም ዘይቱ ያግዘዋል። እናቶቻችን ይህንን ሳይለኩ ሲሠሩት ኖረዋል። ጤነኛ ሰው ከድስቱ ለሚያገኘው ነገር ለጠርሙስ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን። አንደኛ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንክብሉን አይዋጥ፤ በወጥ ውስጥ የለመደውን ቅመም ይብላ፣ በድንገት ግን አያብዛው። ሁለተኛ፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች እንክብሉን ይተዉት። ሦስተኛ፣ እንክብሉን ቀድሞ የጀመረ ሰው ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። አራተኛ፣ ወታደሩ ለግዳጅ ሲሄድ ከስንቁ ጋር እንዲህ ያለ ጠርሙስ ከተጨመረለት ለክፍሉ ሐኪም ያሳውቅ።

ቁንዶ በርበሬውን በተመለከተ፣ ፍሬውን ሳይፈጭ ገዝቶ በሚያስፈልግበት ጊዜ ጥቂት ጥቂቱን መውቀጥ ይሻላል። የሚለበልበው ኃይሉ በብርሃን ስለሚደክም ዕቃው በሚገባ ተከድኖ ከጨለማ ቦታ ይቀመጥ። በመልካም ሁኔታ የተያዘ ቁንዶ በርበሬ ለማዕዳችን ጣዕምን፣ ለቤታችንም መልካም መዓዛን ይሰጣል፤ ከቅመም የምንጠብቀውም ይህንኑ ነው።