ለልጆቻችን የምድርና የሰማይ ስሞች

ልጅ ስለ ምድርና ስለ ሰማይ መማር ሲዠምር አስቀድሞ የሚያስቸግረው የነገሩ ጥልቀት ሳይሆን የስሙ ባዕድነት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን፥ ስሙን በቃሉ ያጠናል እንጂ ነገሩን በልቡ አይጨብጠውም፤ ያጠናውም ቃል ከፈተናው ጋራ ይጠፋዋል። ስለዚህ አባቶችና እናቶች ልጆቻቸውን በቤት እንዴት ሊረዱ እንደሚችሉ፥ በወሎ የሚገኙትን ሐይቅንና አምባሰልን ምሳሌ አድርገን ዛሬ እናመለክታለን።

ሐይቅ ማለት ዙሪያውን በየብስ የተከበበ ውሃ ነው። ዙሪያውን በውሃ የተከበበ የብስ ደግሞ ደሴት ይባላል፤ በሦስት ወገን ውሃ ከቦት ባንድ ወገን ከየብስ የተያያዘው ባሕረ ገብ ምድር ይባላል። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ውሃው ስለ ሸሸ ዛሬ ባሕረ ገብ ምድር ሆኗል። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ሁለቱን ስሞች አያምታታም፤ የምድር መልክ የሚለወጥ መሆኑንም ያስተውላል።

አምባ ማለት ራሱ ሜዳ፥ ጎኑ ገደል የሆነ ተራራ ነው። የዚህ አገር ተራራ ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ፥ ፈስሶም እየተነባበረ የጠነከረ ነው፤ አወጣጡ እሳተ ገሞራ፥ ድንጋዩም ባዛልት ይባላል።

ዝናም ወርዶ ወደ አንድ ወንዝ ወይም ወደ አንድ ሐይቅ የሚሰበሰብበት አገር ሁሉ ተፋሰስ ይባላል። ከአምባሰል ተራሮች ወደ ምዕራብ የወረደው ውሃ በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፥ ከዚያም እስከ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይሄዳል። ወደ ምሥራቅ የወረደው በሚሌ በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል። ሐይቅ የገባው ግን በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም። እንግዲህ ጎረቤታሞች በሆኑ ሸንተረሮች ላይ የወደቀ ዝናም ሦስት ልዩ ልዩ ዕድል አለው።

የሰማይም ስሞች እንዲሁ ሥራቸውን የሚናገሩ ናቸው። ምሕዋር «ሖረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፥ ምድር በፀሐይ ዙሪያ፥ ጨረቃም በምድር ዙሪያ የሚሄዱበት መንገድ ነው። ስበት ከመሳብ፥ ግርዶሽም ከመጋረድ የወጡ ናቸው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ገብታ ፀሐይን ጋረደች፤ ፈጽማም ስላልሸፈነቻት በላሊበላ የፀሐይ ዳር እንደ ቀለበት ሲያበራ ታየ። ይህን ለልጅ ለማስረዳት ማታ በመብራት ፊት አንድ ሎሚ ይዞ ማሳየት ይበቃል። ነገር ግን ፀሐይን በግርዶሽ ጊዜ ባዶ ዓይን መመልከት ዓይንን የሚያጠፋ ስለ ሆነ፥ ይህን ከስሙ ጋራ አብሮ ማስተማር የወላጅ ግዴታ ነው።

ምናልባት «ፈተናው በእንግሊዝኛ ከሆነ የአማርኛው ስም ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩን አስቀድሞ ያወቀ ልጅ የሚቀረው ሁለተኛ ስም መጨመር ብቻ ነው፤ ነገሩን ያላወቀ ግን ሁለት ስም ቢይዝም ሁለቱም ባዶ ናቸው።

የቃል ነገር ቀላል የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ እዚያው በአምባሰል ያለችውን ውጫሌን ያስብ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው፥ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለምታደርገው ጉዳይ በኢጣልያ ለመገልገል ትችላለች የሚል ነበረ፤ የኢጣልያንኛው ግን መቻሉን ግዴታ አደረገው። ይህም ልዩነት በ1888 ዓ.ም. ለሆነው ለዓድዋ ጦርነት ዋና ምክንያት ሆነ።

ስለዚህ ወላጆች በሳምንት አንድ ስም መርጠው፥ ነገሩን በሜዳ ወይም በሰማይ ላይ ለልጃቸው እንዲያሳዩ፥ ልጁም በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲያስረዳቸው እንዲጠይቁት እናሳስባለን።