የደራሲ ርኅራኄና የጭሰኛ ድምፅ

ነገር ከሥሩ፥ ውኃ ከጥሩ እንዲሉ፥ ስለ ደራስያን ሹማምንት የሚነገረውም ውዳሴ ከሥሩ ሊመረመር ይገባዋል። በተማሩት ዘንድ የተለመደ አባባል አለ፤ ይኸውም «ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው የድኻውን ኑሮ በልቡ ስለሚያይ፥ በምክር ቤት ቢቀመጥ ለድኻው ይቆማል» የሚል ነው። ለጆሮ የሚጥም ቃል ነው፤ ነገር ግን ሰሙን የሰማ ሁሉ ወርቁን አገኘ አይባልም። አንዱ በእንግሊዝ፥ ሁለተኛው በኢትዮጵያ የነበሩ ሁለት ደራስያን የዚህን ቃል ባዶነት ይመሰክራሉ።

እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ዲዝሬሊ ነው። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1845 «ሲቢል» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ፤ በዚያም ባለጠጋውና ድኻው በአንዲት ንግሥት ሥር እየኖሩ ሁለት ባዕዳን ሕዝቦች መሆናቸውን አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ የበኪንግሃምሽር አውራጃ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። የአውራጃ እንደራሴ ባለ ርስት እንዲሆን ልማዱ ያስገድድ ነበርና፥ በ1848 የባለ መሬቶቹ ወገን የሆነው የቤንቲንክ ቤተ ሰብ ባበደረው ገንዘብ የሂዩንደንን ርስት ገዛ። እንግዲህ ስለ ድኻው የጻፈው ሰው በአውራጃ እንደራሴነት የቆመው በማን ትከሻ እንደ ነበረ ግልጽ ነው።

እስከ 1872 ድረስ በዚያ አገር ድምፅ የሚሰጠው በአደባባይ ነበረ። መሬት ተከራይቶ የሚያርሰው ገበሬ ጌታው ቆሞ እያየው ስም ይጠራ ነበር። የእርሻው የቀን ሠራተኛማ ለመጥራት እንኳ አልታደለም፤ የመምረጥ መብት በብዛት ያገኘው በ1884፥ ዲዝሬሊ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ደራሲው አውራጃውን 29 ዓመት ሲወክል፥ በመጽሐፉ ያዘነለት ሰው አንድ ቀን እንኳ አልመረጠውም፤ ሊሽረውም አልቻለም። በ1875፥ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለ፥ ተከራይ ገበሬ መሬቱን ላለማበት ድካም ካሣ እንዲያገኝ ሕግ ወጣ፤ ነገር ግን ባለ መሬቱ ካልወደደ በውል እንዲያስቀረው ተፈቅዶለት ነበር። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሣት ይኸው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸውን እናገኛለን። ከ1935 እስከ 1950 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር፥ ከዚያም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። «የደም ድምፅ» በተባለው ተውኔታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የወደቁትን የአቡነ ጴጥሮስን ሰማዕትነት አስታወሱ፤ «የድሆች ከተማ» የተባለም ድርሰት አላቸው። ብዕራቸው ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ያደረገውን የሚክድ ባለ ዕዳ ነው።

ነገር ግን የምክር ቤቱን ሥራ በምክር ቤት ሚዛን መመዘን ይገባል። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛውን አባላት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። የሕግ መምሪያው በሕዝብ ቢመረጥም፥ ተመራጩ በአካባቢው ንብረት ያለው እንዲሆን ግድ ነበረ። ስለዚህ ጭሰኛው ጌታውን መምረጥ ይችላል፤ ራሱ ግን ሊመረጥ አይችልም። በዚህ ላይ የመንግሥቱ ቋንቋ አማርኛ ብቻ ነበርና፥ ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በእጃጂ ዙሪያ በኦሮምኛ የሚናገረው ገበሬ፥ አቤቱታውም የሌላ ሰው አፍ ያስፈልገው ነበረ።

ይህ ባዶ ክስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለ መሬቱ ከጭሰኛው ምርት እስከ ሦስት አራተኛ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ከአራት ቁና ጤፍ ሦስቱ ለጌታ፥ አንዱ ላረሰው፥ ለዘራው፥ ላጨደውና ለልጆቹ ማለት ነው። በዚያ ዘመን የሕግ መወሰኛውን ወንበር የያዘው «የድሆች ከተማ»ን የደረሰው ብዕረኛ ነበር። ከዚያም ወዲህ የባለ መሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ሊያስተካክል የታሰበው ረቂቅ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ፤ በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ በአደባባይ ቢጮኹም፥ ባለ ርስት በርስቱ ላይ ሊፈርድ አልወደደም። የጭሰኝነት ቀንበር የወደቀው በምክር ቤት ድምፅ ሳይሆን፥ ምክር ቤቱ ራሱ ከፈረሰ በኋላ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወታደር አዋጅ ነው። ምክር በቀረበት ስፍራ ጠብመንጃ እንደሚገባ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

«ዘመኑ እንዲያ ነበር፤ አንድ ሰው ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ሰውየውን ብቻ ለመውቀስ ከሆነ እውነት አለው። ነገር ግን ያው ተሟጋች ደራሲውን ሲያመሰግን ዘመኑን አያነሣም፤ ልበ ርኅሩኅነቱን ብቻ ይጠራል። ምስጋናው ለሰውየው፥ ጥፋቱ ለዘመኑ የሚሆንበት ፍርድ ከወዴት መጣ? ርኅራኄ ያለ ተጠያቂነት ለጭሰኛው ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ነው። ያነበበው የከተማ ሰው አለቀሰ፤ ቁናው ግን ያው ሦስት ለአንድ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ በእጃጂም ሆነ በአምቦ ለመመረጥ ርስት አይጠየቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። እንግዲህ ባለ ብዕር ለምርጫ ሲቀርብ መጽሐፉ በመጽሐፍነቱ ይመስገን፤ ለወንበሩ ግን ሌላ ይጠየቅ፦ ወጪውን የሸፈነለት ማን ነው? ለገበሬው በምን ቋንቋ መልስ ይሰጣል? ቃሉን ቢያጥፍ ማን ያነሣዋል? ለእነዚህ መልስ የሌለው፥ ብዕሩ ወርቅ ቢያፈስ እንኳ፥ ለምክር ቤት አልተላከም፤ ለራሱ ሄደ እንጂ።