ለጎሽና ለዝሆን የሚበቃው ጠመንጃ የቱ ነው?

ዚምባብዌ ውስጥ ዝሆን፣ ጎሽና ጉማሬ የሚታደንበት ጠመንጃ የአፈሙዙ ስፋት ከ9.2 ሚሊሜትር፣ የጥይቱም ጉልበት ከ5,300 ጁል እንዳያንስ ሕግ ያዛል። ገደቡ ልክ ነው? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

አንደኛው፦ ገደቡ ይጽና

የቆሰለ ጎሽ ሁልጊዜ ርቆ አይሸሽም። ብዙ ጊዜ ጥሻ ውስጥ ገብቶ፣ የመጣበትን ዱካ ወደሚያይበት ዞሮ ይጠብቃል። ያኔ ደሙን እየተከተለ ቀድሞ የሚገባው ዱካ አንባቢው ነው፤ ከፍሎ የተኮሰው እንግዳ ከኋላ ነው። ስለዚህ የጠመንጃ ምርጫ የግል ጉዳይ አይደለም፤ የሌላ ሰው ነፍስ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣው .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የሚባለው ጠመንጃ 19.4 ግራም የሚመዝን አረር ይተፋል፤ ጉልበቱም ገደቡን በጥቂቱ ነው የሚያልፈው። ይህ ቅንጦት ሊባል አይችልም። የጎሽ ልብ ዝቅ ብሎ በፊት እግሮቹ መካከል ስለሆነ፣ ትከሻ ሰብሮ እዚያ የሚደርስ ክብደት ያስፈልጋል። ዝሆንም ቢሆን፣ አዳኙ ጆን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1948 በታተመው መጽሐፋቸው እንዳስረዱት፣ አንጎሉን ለጥቂት የሳተው ከባድ አረር ያደነዝዘዋል፤ ለሁለተኛው ጥይት ፋታ ይሰጣል። ቀላሉ አረር ግን ከሳተ ሳተ ነው፤ እንስሳው ቁስሉን ይዞ ይሄዳል። ሰው መሳቱ አይቀርምና ሕጉም የወጣው ይህን አስቦ ነው።

ሁለተኛው፦ ተኳሹ ይመዘን

ባልደረባዬ ጥይት እንደሚሳት ነግረውናል፤ ለምን እንደሚሳት ግን አልነገሩንም። ስኮትላንዳዊው ዎልተር ቤል ባለፈው ክፍለ ዘመን መባቻ ከ1,000 በላይ ዝሆኖች ጥሏል፤ እኛም አገር ጊሎ ወንዝ ድረስ ዘልቋል። አብዛኞቹን የገደለው በ7 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው፤ ጉልበቱ የዛሬው ገደብ ግማሽ ቢሆን ነው። የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ አስከፍሎ አንጎሉ የት እንዳለ አጥንቷል። ረዥም፣ ቀጭንና ጠንካራ ሽፋን ያለው አረሩም ሳይጣመም ጠልቆ ይገባ ነበር።

ሕጉን ለማሟላት ከባድ ጠመንጃ የገዛውን እንግዳ ደግሞ እንየው። ሰደፉ ትከሻውን ሲጠልዘው ሁለት ሦስት ጊዜ ተኩሶ ልምምዱን ይተዋል። ጫካ ገብቶ ምላጩን ሊስብ ሲል ምቱን ፈርቶ ዐይኑን ይጨፍናል፤ አፈሙዙ ያዘቀዝቃል፤ አረሩ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ሆዱን የተመታ ጎሽ በ7 ሚሊሜትርም ይመታ በ11 ያው ቁስለኛ ነው። ኖርዌይ ትልልቅ እንስሳ የሚያድኑትን በየዓመቱ ትፈትናለች፦ ከ100 ሜትር ርቀት 5 ጥይት፣ ስፋቱ 30 ሳንቲሜትር በሆነ ክብ ውስጥ። መመዘኛ ማለት ይህ ነው።

የአንደኛው መልስ

ኖርዌይ የእኔ ምስክር ናት፤ ከፈተናው ጎን የጥይቱንም ዝቅተኛ ጉልበት ደንግጋለች። ቤል ደግሞ በዝሆን ጥርስ ንግድ የሚኖር ሰው ነበር፤ ዛሬ ያልተመቸውን ትቶ ነገ ሌላ ይፈልጋል። ፈቃዱ ሊያልቅበት ጥቂት ቀን የቀረው እንግዳ ይህ ትዕግሥት ከየት ይመጣለታል? በአንድ ባለሙያ ልክ የተሰፋ ሕግ ሌላውን አይሸፍንም።

የሁለተኛው መልስ

ችኩሉን እንግዳ ከባድ ጠመንጃ አያሰክነውም፤ ያደፋፍረዋል እንጂ። ሁለቱም ይለኩ ከተባለ እሰየው። ዛሬ ግን ለመለካት የሚቀለው ጠመንጃው ስለሆነ እሱ ብቻ ተለክቶ፣ ሰውየው ሳይፈተን ይገባል። አንዱን ብቻ ምረጥ ካሉኝ ሰውየው ይፈተን እላለሁ። መምታት የማይችል ፈቃድ ይከልከል፤ የሚችል በለመደው ጠመንጃ ይተኩስ።