ለፈሪዎች የምትሰጥ ሰዓት

እናቴ ፈሪ ሴት ነበረች። ይህን የምጽፈው ላሳንሳት አይደለም፤ በሕይወት ሳለች ራሷም አትክደውም ነበር። ክረምት ገብቶ ሰማዩ ሲያጉረመርም ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጥላ ከቤቱ ጥግ ትቀመጣለች። የሁሉቃ ወንዝ ሞልቶ ሲጮኽ ድልድዩን የምትሻገረው ክንዴን ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው። በር ሲንኳኳ «ማነው?» ብላ ለመጠየቅ እንኳ ድምፅ ያጥራታል። አምላኳን ለመጥራት ግን ድምፅ አጥሯት አያውቅም። «ያ ዋቃ!» ትላለች በኦሮምኛ፤ ወዲያው ደግሞ «እመ ብርሃን!» ትላለች በአማርኛ። አምቦ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ትንፋሽ ቢናገር የሚደነቅ የለም።

ስለዚህች ሴት እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እኛ የምዕራብ ሸዋ ልጆች ስንጽፍም ሆነ ስናወጋ ጀግና እንመርጣለንና። እውነትም ጀግና አላጣንም። ከጊንጪ ወገን የተነሡት ጃገማ ኬሎ ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ሲወር ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያ ዕድሜያቸው ጫካ ገቡ፤ ተዋጉ፤ «የበጋው መብረቅ» የሚል ስም አተረፉ፤ ኋላም ሌተና ጄኔራል ሆኑ፤ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው። እንዲህ ያለ ስም በየቤቱ በሚነሣበት አገር ፈሪ ሆኖ መኖር ቀላል አይደለም። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ ለሌላ ለማንም አይረባም ለማለት ነው። እናቲቱ ራሷ ፈሪ ብትሆንስ? እርሷ ለማን ትሆናለች? እግዚአብሔርስ ከፈሪ ሰው ጋር ምን ጉዳይ አለው? የዛሬው ጽሑፌ ይህችን ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ነው።

በየዐውደ ምሕረቱና በየአዳራሹ የምንሰማው መልስ አጭር ነው፤ «ያመነ አይፈራም» ይሉናል። እግዚአብሔር ሲገባ ፍርሃት ይወጣል፤ ፍርሃት ካለ እምነት የለም ማለታቸው ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። እንዲህ ያለው ትምህርት ፈሪውን ሁለት ጊዜ ይቀጣዋል፤ አንድ ጊዜ በፍርሃቱ፣ ሁለተኛም በመፍራቱ በሚሰማው ኀፍረት። መጽሐፉም ቢሆን እንዲያ አይልም። ጌዴዎን የተጠራው ከጠላት ተሸሽጎ በወይን መጭመቂያ ውስጥ ስንዴ ሲወቃ ነበር። መልአክ አነጋግሮት፣ ኃያል ተብሎ ተጠርቶም እንኳ፣ የጣዖቱን መሠዊያ ያፈረሰው በሌሊት ነው፤ በቀን እንዳያደርገው የአባቱን ቤተ ሰብና የከተማውን ሰዎች ፈርቷልና። ልብ በሉልኝ፤ ትእዛዙን ፈጽሟል፤ ፍርሃቱ ግን አብሮት ነበር። ሙሴ በአንደበቱ፣ ኤርምያስ በልጅነቱ አሳብበዋል። አንዳቸውም የተላኩት ፍርሃታቸው እስኪያልቅ ተጠብቆ አይደለም።

ይህን ነገር ከሰባኪ ይልቅ ያስተማረኝ ባለቅኔ ነው፤ እርሱም ያገሬ ልጅ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ አቅራቢያ፣ ቦዳ በተባለች መንደር፣ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ተወለደ። አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በኢጣልያ ጥይት የወደቁት ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለው 19 ቀን ብቻ ነው። አቡኑ ሲገደሉ ጸጋዬ በእናቱ ማኅፀን ነበር ማለት ነው። አድጎ የእኚያን አባት የመጨረሻ ሰዓት የጻፈልን እርሱ ሆነ።

ታሪኩን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ ሰው፣ የፍቼ ልጅ ናቸው፤ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ያደረጉት ጥቃት ሲከሽፍ በጠላት እጅ ገቡ። ለወራሪው መገዛትን እምቢ አሉ፤ ሕዝቡም ምድሪቱም እንዳይገዙ አወገዙ፤ ተረሸኑ። ታሪክ የሚነግረን ከውጭ የሚታየውን ነው። ሐውልትም እንዲሁ። የአቡኑ ሐውልት ለከተማ ባቡር ግንባታ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆሟል። ሐውልት ይነቀላል፤ ይተከላል፤ መንቀጥቀጥ ግን አይችልም።

ጸጋዬ የሚንቀጠቀጡትን ጴጥሮስ ጻፈልን። በ1966 ዓ.ም. በታተመው «እሳት ወይ አበባ» በተሰኘው መድበሉ ውስጥ የሚገኘው «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ጳጳሱን ከሞታቸው አፋፍ ላይ ብቻቸውን ያሳየናል። ለእመ ብርሃን አቤት ይላሉ፤ ስለ አገራቸው ይሟገቷታል፤ መፍራታቸውን፣ ብቸኝነታቸውን፣ መጠጊያ ማጣታቸውን አንድም ሳይሸፍኑ ይነግሯታል። ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ ባነበብሁት ጊዜ ተቆጥቼ ነበር። «ጀግናዬን ለምን አስፈራብኝ?» ብዬ። ዛሬ ግን ባለቅኔው ከብዙዎቻችን የበለጠ መንፈሳዊ ነገር እንዳየ ይሰማኛል። ፍርሃቱን መናገር የማይችል ሰው ብርታትን ለመለመን ምን ምክንያት አለው? ስማቸውስ ማን ነበር? ጴጥሮስ! የፊተኛው ጴጥሮስ በእሳት ዳር ቆሞ፣ የአንዲት ገረድ ጥያቄ አስደንግጦት፣ ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ያንን ስም ለልጆቿ ስታወርስ ፍርሃቱንም አብራ ማውረሷ አይቀርም።

ከአምቦ በስተደቡብ ተራራውን የወጣ ሰው ወንጪ ይደርሳል። ጥንት እሳት ይተፋ በነበረው ገሞራ አፍ ውስጥ ሐይቅ ተኝቷል፤ በሐይቁ ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። መልክዓ ምድሩ ያማረ ስለ ሆነ ከጎብኝዎቹ ብዙዎቹ ስለ ውኃው አውርተው ይመለሳሉ። እኔን የሚይዘኝ ግን ገዳሙ የተሰየመበት ሕፃን ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ኢየሉጣ የተባለች እናት የሦስት ዓመት ልጇን ቂርቆስን ታቅፋ ከአሳዳጆች ሸሸች፤ ከሸሸችበትም ተያዘች። የፈላ ውኃ ከሚንተከተክበት ጋን ፊት አቆሟት፤ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ነበር። ፈራች። ልቧ ወደ ኋላ አለ። ያን ጊዜ ያበረታት ሕፃኑ ነው፤ ስለ እናቱ ጸለየላት፤ አይዞሽ አላት፤ አብረው ገቡ። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ፍላቱን አቀዘቀዘላቸው። ይህ ተአምር የሚታሰበው ሐምሌ 19 ቀን ነው፤ አቡነ ጴጥሮስ ከተረሸኑበት ዕለት በሦስት ቀን ይቀድማል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ ቤተ ክርስቲያን የኢየሉጣን ፍርሃት ከገድሉ አልፋቀችውም፤ ለዘላለም እንዲነበብ ትታዋለች። ሁለተኛ፣ ብርታቱ ለእናቲቱ የመጣላት ከእርሷ በሚያንስ፣ ከእርሷ በሚደክም ሰው በኩል ነው። ለፈሪ ሰው እግዚአብሔር ሠራዊት ሲልክ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ሕፃን ይልክለታል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ለፋሲካ አምቦ ሄጄ ገና አልተመለስሁም ነበር። የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን በመቃወም ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ጥይት ተተኮሰ። ሰው ሞተ። የቀድሞዎቹ «ሀገረ ሕይወት» ይሏት በነበረችው ከተማ እናቶች ልጆቻቸውን ፍለጋ ከቤት ወደ ሆስፒታል ሲሮጡ ዋሉ። ሲመሽ ከተማው ዝም አለ፤ ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው ያስፈራ ነበር።

ሌሊት በራችን ተንኳኳ። በኃይል አይደለም፤ በጣት ጫፍ፣ ቀስ ተብሎ። እኔ መብራቱን አጠፋሁ። «እንዳትከፍቺ!» አልኋት እናቴን በሹክሹክታ። እርሷም እንደ ልማዷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ልትጥል አነሣች። ያን ጊዜ ከውጭ «እማዬ» የሚል ድምፅ ተሰማ። የማናውቀው ልጅ ድምፅ ነበር። እናቴ ነጠላዋን በእጇ እንደ ያዘች ተነሣች። ጉልበቷ ሲብረከረክ በጨለማው ውስጥ እንኳ ይታወቀኝ ነበር። መቀርቀሪያውን ልትስብ ሞከረች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ደግማ ሞከረች፤ አቃታት። በሦስተኛው ከፈተችው። አንድ እግሩ ጫማ ያልነበረው፣ ጢም እንኳ ያላወጣ ተማሪ ገባ። ጓዳ ወስዳ ከእህሉ ጆንያ ጀርባ አስቀመጠችው፤ ጋቢዋን አለበሰችው። እስኪነጋ ድረስ ከጓዳው በር ላይ ተቀምጣ «ያ ዋቃ፣ ያ ዋቃ» እያለች ስትንቀጠቀጥ አደረች። እናቴ በዚያ ሌሊት ከፍርሃት አልዳነችም፤ ልጁ ግን ዳነ።

ሲነጋ ልጁን ዘመዶቹ መጥተው ወሰዱት። እኔ ቡና ስትቆላ አጠገቧ ተቀምጬ፣

«አልፈራሽም?» አልኋት።

«ፈራሁ እንጂ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ከፈትሽ?»

ጥቂት ቆይታ፣ ዓይኗን ከምጣዱ ሳታነሣ፣ «ልጁ ከእኔ የባሰ ፈርቶ ነበራ!» አለች።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እኔ በዚያ ሌሊት መብራት ያጠፋሁት ሰው ነኝ። ስለ ጴጥሮስ ያነበብሁ፣ ስለ ድፍረት ከጓደኞቼ ጋር እስኪነጋ የተከራከርሁ ሰው፤ በተፈተንሁባት አንዲት ሰዓት ያደረግሁት ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን ነው። ይህን ለማንም ሳልናገር ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ የምናገረው ከእናቴ ጋር ያለኝ ልዩነት ምን እንደ ነበር የገባኝ ስለ መሰለኝ ነው። ሁለታችንም ፈርተናል። እኔ ግን ጆሮዬን የሰጠሁት ለገዛ ፍርሃቴ ነበር፤ እርሷ የሰማችው የልጁን ነው።

አሁን አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ እንደሚሞግተኝ አውቃለሁ፦ «ተኳሹስ እግዚአብሔር አበረታኝ ቢል ምን ትለዋለህ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። በጥቅምት 1928 ዓ.ም. የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ቆመው የኢጣልያን ዘመቻ በመስቀል ስም አወድሰው ነበር። ከዘጠኝ ወር በኋላ የዚያው መስቀል አገልጋይ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ በተወደሰው ጦር ተረሸኑ። ሁለቱም ወገን እግዚአብሔርን ጠርቷል። እንግዲህ በምን እንለያቸው?

ቋንቋችን ራሱ የሚያስጠነቅቀን ይመስለኛል። «ደፈረ» ስንል ያልፈራውን ሰው ማመስገናችን ነው፤ ነገር ግን ሕግ የጣሰውንም፣ የሰው ድንበር ያለፈውንም፣ ሴት ልጅን ያዋረደውንም «ደፈረ» እንላለን። ድፍረት ሁለት ፊት አለው። ብርታትና ጽናት ግን እንዲህ ያለ ሁለተኛ ፊት የላቸውም። ከእግዚአብሔር የሚሰጠው ብርታት ባለቤቱን ለአደጋ ያቀርበዋል፤ ደካማውን ከጀርባው ያስጠልለዋል። ከሌላ የመጣው ድፍረት ደካማውን ከፊት አድርጎ ባለቤቱን ይከልለዋል። ካርዲናሉ ካቴድራል ውስጥ ሆነው ምን አጡ? አቡኑስ ምን አተረፉ? መለኪያዬ ይህ ነው፤ ሌላ የተሻለ ያለው ቢያስተምረኝ እቀበላለሁ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ እናቴ ጀግና የሆነች እንዳይመስላችሁ። በቀጣዩ ክረምት ሰማዩ ሲያጉረመርም ያችው ነጠላ ፊቷ ላይ ወደቀች። ድልድዩንም እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ዓይኗን ሳትጨፍን ተሻግራ አታውቅም። ይህ ብዙ ጊዜ ያስገርመኝ ነበር፤ እንዲያ ያለ ነገር ያደረገች ሴት እንዴት ነጎድጓድ ትፈራለች? አሁን አያስገርመኝም። በምድረ በዳ የወረደው መና ለነገ ሲያሳድሩት ይተላ ነበር፤ ለዕለቱ ብቻ የተሰጠ ነውና። ለፈሪዎች የሚሰጠው ብርታትም እንዲሁ ይመስለኛል። ባለጸጋ ሆነው የሚያከማቹት ሀብት አይደለም፤ ለአንዲት ሰዓት የሚበቃ የዕለት እንጀራ ነው። ጸጋዬ ለግጥሙ ርእስ ሲፈልግ «ያቺን ሰዓት» ማለቱ በከንቱ አይደለም እላለሁ።

እንግዲህ ፈሪው ወንድሜ፣ ፈሪዋ እኅቴ፣ «አትፍራ፣ አትፍሪ» አልላችሁም፤ እኔ ማን ሆኜ! «አትፈር፣ አትፈሪ» ግን እላለሁ። አንድ ሌሊት በራችሁ በጣት ጫፍ ይንኳኳ ይሆናል። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥም መቀርቀሪያውን ሳቡት፤ በሚንቀጠቀጥ እጅም በር ይከፈታል። አይቻለሁ።

ቸር እንሰንብት።