ከድምፁ በፊት ውሉ



በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ ከራት በኋላ የሚነሣው ክርክር ዞሮ ዞሮ አንቀጽ 39 ላይ ይደርሳል። አንዱ ወገን «ይህ አንቀጽ ካልተፋቀ አገር አትቆምም» ይላል። ሌላው ደግሞ «መብት መብት ነው፤ ጥያቄ የሚያበዛ ሊከለክል የፈለገ ነው» ይላል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም።

የወሎው ልጅ ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን ጥያቄ በተማሪዎች መጽሔት በ«ስትራግል» ላይ በግልጽ ጽፎ ነበር። ነገሩን ዝምታ እንዳላጠፋው ከዚያ ወዲህ አይተናል። አንቀጹን መፋቅም ጥያቄውን አይፍቀውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መንገዱን አስቀምጧል። የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲወስን፣ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፤ አብላጫው ድምፅ ከደገፈው ሥልጣን ይተላለፋል፤ ንብረትም በሕግ ይከፈላል። ስለ ወሰን፣ ስለ ዜግነት፣ ስለ ወደብና በመካከል ስለሚቀረው አናሳ ሕዝብ ግን አንቀጹ ዝም ብሏል።

የዚህ ዝምታ ዋጋ ለኮምቦልቻ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ድምፅ ከሰጡት ኤርትራውያን ከመቶ 99 በላይ የሚሆኑት ነጻነትን መረጡ። በውጤቱ አንከራከርም። ነገር ግን ሕዝቡ የተጠየቀው ነጻነትን ይፈልግ እንደሆነ ብቻ ነበር። ወሰኑ መሬት ላይ ሳይለይ፣ የዜግነቱም ነገር ሳይቋጭ ቀረ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ ጦርነት ተነሣ፤ ከአሰብ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወጣ የነበረው ጭነትም ቆመ።

ወደ ከሚሴ ወረድ ብንል ደግሞ በአማራ ክልል ውስጥ ያለውን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን እናገኛለን። አንድ ክልል ልለይ ቢል የእንዲህ ያለው ሕዝብ ዕጣ በማን ድምፅ ይወሰናል?

ባልና ሚስት እንኳ ሲፋቱ፣ ሽማግሌ ንብረቱን ቆጥሮ የልጆቹን ነገር ሳይጨርስ አያሰናብታቸውም። ስለዚህ ሦስቱ ዓመት የመፎከሪያ ሳይሆን የመዋዋያ ጊዜ ይሁን እንላለን። ወሰኑ፣ ዜግነቱ፣ መንገዱና የአናሳው ዋስትና ተጽፎ ለሕዝብ ይነበብ፤ መራጩም የሚመርጠውን ዐውቆ ድምፁን ይስጥ። ውሉ ግን መከልከያ እንዳይሆን፣ ድርድሩ ባያልቅም የድምፁ ቀን አይራዘም፤ ያልተቋጨው ነገር ተለይቶ ለመራጩ ይነገረው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እነዚህን ሁለት ከተሞች ሲያዳርስ ያየን ነንና ይህን የምንለው ለክርክር ማሸነፊያ አይደለም። በሚመጣው የክርክር ምሽት «መብቱ አለ ወይስ የለም» ማለቱን ትተን፣ «ውሉ ምን ይሁን» ብለን እንድንነጋገር ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን እንጠይቃለን።