ያረጀ ውሻ ኩላሊቱ ሲደክም
ከጎዳና የተነሣ ውሻ ዕድሜው በውል ስለማይታወቅ የኩላሊት ሕመሙ ብዙ ጊዜ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ምልክቱ ግን አይደበቅም፤ ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ሌሊት ቤት ውስጥ ይሸናል፣ ይከሳል፣ አፉ ይሸታል። ክፋቱ፣ ይህ ሁሉ የሚታየው ከኩላሊቱ አቅም ወደ ሁለት ሦስተኛው ከጠፋ በኋላ ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ማቆየት ግን ይቻላል። ውሃ ከፊቱ አይታጣም፤ ፎስፈረስ የበዛባቸው አጥንትና ጉበት ይቀነሳሉ፤ የእንስሳት ሐኪሙ ካዘዘም ባለቤቱ በትከሻዎቹ መካከል ያለውን ቆዳ አንሥቶ ፈሳሽ በመርፌ ይሰጠዋል (ብዙ ውሾች ምግብ እየላሱ ይቀበሉታል)። ትልቁ ስሕተት ለሰው የተሠራ ማስታገሻ መስጠት ነው፤ አይቡፕሮፌን የቀረውንም ኩላሊት ይጎዳል። መብላት ካቆመና ማስታወኩ በሕክምና ካልተገታ ግን ስቃዩን ማራዘም እንክብካቤ አይባልም፤ ያኔ ያለ ሕመም ስለማሰናበት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይገባል።